ቀጥ ብሎ የተቀረጸው ማኅተም

ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ልጅቱ የአንጥረኞችን መንገድ ቁልቁል እየወረደች ነበር። አትሮጥም፤ የቀራጩ ልጅ ስትሮጥ ታየች ከተባለ ወሬው እሷን ቀድሞ ቤት ይገባል። የድንጋዩን ደረጃ ግን ሁለት ሁለቱን እያለፈች ነው የምትረግጠው። በቀኝ ጭብጧ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል የናስ ማኅተም አለ፤ በደረቷ በኩል፣ ከቀሚሷ ውስጥ፣ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት። የፖስታው ሠረገላ በዘጠኝ ሰዓት ይነሳል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀኑ ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ደግሞ የተጠራችበት ሥራ የሌላ ሰው ይሆናል።

አባቷ ማኅተም ቀራጭ ናቸው። ዳኛው፣ የግምጃ ቤቱ ሹም፣ የክፍለ ጦሩ አዛዥ፣ ሁሉም የሚያትሙበት ናስ የወጣው ከእሳቸው ጠረጴዛ ነው። በዚያ ዘመን ማኅተም የሌለው ሰው ቃል አልነበረውም፤ ውል አይገባም፣ አቤት አይልም፣ ከከተማ ወደ ከተማ አይሄድም። ሴት ደግሞ ማኅተም የላትም። ካገባች በባሏ፣ ካላገባች በአባቷ ማኅተም ነበር የምትንቀሳቀሰው። ይህን የለወጠው ጦርነቱ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ባልና አባት ሲበላ ከርሞ ሲያበቃ፣ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ባለማኅተሙ ያልተመለሰበት ቤት በዛ። መንግሥት ሲቸግረው አዋጅ አወጣ፦ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ፣ ሴትም ብትሆን፣ በባለፈቃድ ቀራጭ የተሠራ የራሱ ማኅተም ይኑረው።

ከዚያ ወዲያ መበለቶች የቀራጩን ሱቅ አጨናነቁት። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ መቶ አርባ ሴቶች የራሳቸውን ማኅተም ይዘው ወጡ። አንድ መቶ አርባውንም የቀረጸችው ይህች ልጅ ናት። የአባቷ ዓይን ከደከመ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እሳቸው ከጠረጴዛው ፊት ይቀመጣሉ፣ ደንበኛ ያነጋግራሉ፣ አጉሊ መነጽሩን ለወጉ ያደርጉታል፤ ሥራው የሚሠራው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ይህን ከአባት፣ ከእናትና ከልጅ በቀር የሚያውቅ የለም ብለው ያምኑ ነበር። አባቷ ደስ ሲላቸው «ሞረድ» ይሏታል፤ በሰባት ዓመቷ ትንሹን ሞረድ ሰርቃ ትራስ ስር ስለ ደበቀች ነው። ሲቆጡ ግን «አንቺ ልጅ» ናት። ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ሞረድ ብለው ጠርተዋት አያውቁም።

አራት ወር የሆነው ደብዳቤው ከመጣ ነው። አንድ የካርታ ክፍል ሻምበል ማኅተም ሊያሠራ መጥቶ፣ ዕቃውን ስታቀብለው ጣቶቿ ላይ ያለውን ጠባሳ አየና ነገሩ ገባው። አገሩ ሲደርስ ጻፈ፦ የካርታ ማተሚያ ቤቱ በመዳብ ላይ ወንዝና ተራራ የሚቀርጽ እጅ ይፈልጋል፤ ማደሪያ አለ፤ በአምስተኛው ወር የመጀመሪያ ቀን መቅረብ አለባት። አባቷ ደብዳቤው ተነቦላቸው እስኪያልቅ ሰምተው፣

«ከዚህ ቤት ሴት ልጅ የምትወጣው በሁለት መንገድ ነው» አሉ። «ወይ በሠርግ፣ ወይ በሬሳ ሳጥን። ሦስተኛ በር አልሠራሁም።»

እናቷ ከዚያ ብሰው ተገኙ። ድሮም የቤቱ ሕግ አርቃቂ እናቷ ናቸው። ሴት ልጅ መስኮት ላይ አትደገፍም፣ ጮክ ብላ አትስቅም፣ መንገድ ዳር አትቆምም። «መንገድ ዳር የሚቆም ዕቃ ነው፤ ሰው ያልፋል» ይሉ ነበር። በዚያ ቤት እናትም እንደ አባት አንቱ ነው የሚባሉት።

ልጅቱ ባለፈው ሳምንት ሃያ አንድ ዓመት ሞላት። ትናንት ከሰዓት በኋላ አባቷ ጋደም ሲሉ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ አንድ መቶ አርባ አንደኛውን የሴት ማኅተም ቀረጸች።

ማዘጋጃ ቤቱ ስትደርስ ሰባት መበለቶች ተሰልፈው ነበር። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው የማኅተም ክፍል ጸሐፊ አሥር አለቃ ይባላል፤ ግራ እጁን ጦር ሜዳ ትቶ የመጣ፣ ማዕረጉን ግን ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። ተራዋ ሲደርስ የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋችለት። የቀራጩ መዝገብ ቅጠል ነው፤ ቁጥር አለው፣ የባለማኅተሙ ስም መጻፊያ አለው፤ ከግርጌው «ቀራጭ» እና «ባለፈቃድ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉት። በሁለቱም ላይ የአባቷ ፊርማ አለ። ሰረቀችው አይባልም፣ አልሰረቀችውም አይባልም። አባቷ መስመሩን ማየት ስለማይችሉ ሰኞ ሰኞ አሥር ባዶ ቅጠል በአንድ ጊዜ ይፈርማሉ፤ እሷ መስመሩ ላይ ጣታቸውን ታስቀምጥላቸዋለች። ከአሥሩ አንዱን ነው ያወጣችው።

አሥር አለቃ ቀዩን ሰም በሻማ አቅልጦ ቅጠሉ ላይ አንጠባጠበ። «ተጫኝው» አላት። ናሱን ተጫነችው።

ናሱ ሲነሳ አሥር አለቃ ጎንበስ ብሎ አየ። ወረቀቱን አዞረው። ቀጥሎ ራሱን አዞረ።

«ይሄ የማን ማኅተም ነው?»

«የራሴ።»

«የራስሽ መሆኑን ለማወቅ መስታወት ያስፈልገኛል።»

አየችው። ስሟ ሰሙ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል፤ እያንዳንዱ ፊደል ተገልብጦ፣ ሰልፉ ከኋላ ወደፊት ሆኖ። ከጀርባዋ ያለችው መበለት አንገቷን አስግጋ አየችና ሳቋ አመለጣት። «ውይ በሞቴ! የቀራጭ ልጅ!»

ማኅተም ተገልብጦ ካልተቀረጸ ቀጥ ብሎ እንደማይታተም የመጀመሪያ ቀን ተማሪም ያውቀዋል። ለሌላው ሰው ሁሉ ስሙን በስስ ወረቀት ላይ በቀለም ትጽፍና፣ ወረቀቱን ገልብጣ ናሱ ላይ ትለጥፋለች፤ ቀለሙ ራሱ ተገልብጦ ይቀራል፣ እሱን ተከትላ ትቀርጻለች። ትናንት ግን ስሟ ያለበት ወረቀት እናቷ እጅ እንዳይገባ ፈርታ ወረቀቱን ተወችው። በመርፌ ጫፍ ናሱ ላይ በቀጥታ ጻፈችና ያንኑ ተከተለች። አንድ መቶ አርባ ስም ገልብጣ የራሷን ረሳች።

«ሌላ ሰም ያንጠባጥቡልኝና…» ብላ ጀመረች፤ ምን ልትል እንደነበር ግን እሷም አላወቀችውም።

«አይ እህቴ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ይሄ ቅጠል ቁጥር አለው። ባለፈቃዱ ራሳቸው ሰርዘውት ሌላ ይስጡሽ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «ምን አደከመሽ? የአባትሽን ማኅተም ይዘሽ ነይ። ያላገባች ልጅ በአባቷ ማኅተም መሄድ ድሮም ትችላለች። አንድ ጊዜ ጫን ታደርጊያለሽ፣ ማን ጫነው ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።»

ዳገቱን ስትወጣ ይህንኑ ታስብ ነበር። የአባቷ ማኅተም ከላይኛው መሳቢያ በስተግራ ነው። አይቆለፍም፤ በዚያ ቤት የሚቆለፈው የውጭው በር ብቻ ነው። አባቷ እስከ ስምንት ሰዓት ይተኛሉ። እጇን ሰደድ አድርጋ መውሰድ ነው፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሳይባል ነገሩ ያልቃል። ሱቁ በር ላይ ስትደርስም ወስናው ነበር ማለት ይቻላል።

አባቷ ግን ተነስተው ጠረጴዛው ፊት ተቀምጠዋል። እናቷ ከመጋረጃው አጠገብ ቆመዋል፤ የውጭው በር ቁልፍ እጃቸው ላይ ነው።

«ሦስተኛው መቅረጫ ቦታውን ለቋል» አሉ አባቷ ወደ በሩ ሳይዞሩ። መዳፋቸው መሣሪያ በተደረደረበት ሳጥን ላይ ነበር። «እኔ ስድስት ዓመት አልነካሁትም። አንቺ ደግሞ ቦታው ሳትመልሺ ተነስተሽ አታውቂም፣ የተጣደፍሽ ካልሆነ። ምን ሠራሽበት?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ጭብጧን ፈታችና ማኅተሙን መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

አውራ ጣታቸው የናሱን ፊት ዳሰሰ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ተመላለሰበት፤ ከዚያ አራት ወር ያልተሰማ ነገር ተሰማ፤ አባቷ ሳቁ።

«ይሄ እኮ ሲዳሰስ ይነበባል! ናስ ላይ የተነበበ ሰም ላይ አይነበብም። የየትኛው ጅል ሥራ ነው?»

«የእኔ።»

ጣታቸው እንደገና ሄደበት። አሁን ስሙን ነው ያነበቡት። ሳቁ ቀረ። እሷ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ቅጠሉን፣ ሰሙን፣ የመበለቷን ሳቅ፣ የዘጠኝ ሰዓቱን ሠረገላ።

«አደባባይ ወጥተሽ የሰው መሳቂያ ልትሆኚ ነው?» አሉ እናቷ።

«ሆኜ መጣሁ፣ እማዬ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ አባቷ። ከዚያም «የእኔ ማኅተም እዚሁ ነበረ» አሉና መሳቢያውን በክርናቸው ነካ አደረጉት። «አይቆለፍም። እሱን ብትወስጂ ይሄኔ ሠረገላው ላይ ነበርሽ። ምን ያዘሽ?»

ከአሥር ደቂቃ በፊት ልትወስደው እንደነበር አልነገረቻቸውም። የተናገረችው ግን ውሸት አልነበረም፤ እዚያው ቆማ ነው የገባት።

«በእሱ ብሄድ እርስዎ ፈቀዱልኝ ማለት ይሆናል። አልፈቀዱልኝም። ያላሉትን አሉ ብዬ አላትምብዎትም። እኔ የምሄደው በራሴ ነው፤ ቢከፋም በራሴ ይክፋ።»

እናቷ «ሰማህልኝ ፈጣሪ!» ብለው ቁልፉን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። አባቷ ማኅተሙን በሁለት ጣት ይዘው ውፍረቱን ይለካሉ።

«ለአንድ ሞረድ ይበቃል» አሉ በመጨረሻ። «ለሁለት አይበቃም። ፊቱን ሞርጂውና እንደገና ቅረጪ።»

«ምን እያሉ ነው?» አሉ እናቷ። «ይለቋታል?»

«እለቃታለሁ መቼ አልኩ! ከዚህ ቤት ግን እንዲህ ያለ ሥራ አይወጣም። ወጥቶም ተስቆበታል። እሱ ይስተካከል፤ ሌላውን ቀጥለን እንነጋገራለን።»

ልጅቱ ወደ መጋረጃው ጀርባ ልትሄድ ስትል አባቷ ከወንበራቸው ተነሱ። «እዚህ ተቀመጪ» አሏት። ስድስት ዓመት ሲሠራበት የታየው፣ ማንም ግን ያልሠራበት ጠረጴዛ፣ ከመንገድ የሚታየው፣ ብርሃን የሚገባበት። ተቀመጠች።

ሞረዱ የትናንቱን ስሟን በልቶ ጨረሰ። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አለሳለሰችው። ዛሬ ስስ ወረቀት አወጣች፤ ስሟን በእናቷ ፊት፣ በሙሉ፣ በጥቁር ቀለም ጻፈች፤ ገልብጣ ለጠፈችው፤ ቀለሙ ናሱ ላይ ቀረ። ከዚያ ሦስተኛውን መቅረጫ አነሳች። አባቷ ከጀርባዋ ቆመው ያዳምጣሉ። ዓይን ከከዳቸው ወዲህ ሥራ የሚያዩት በጆሮ ነው።

«ጠለቀብሽ።»

አላላችው።

«እዚህ ጋ ተነፈስሽ። መስመር መሀል አይተነፈስም፤ ስንቴ ነግሬሻለሁ?»

«መቶ አርባ ጊዜ።»

«መቶ አርባ አንድ በይው።»

መንገደኞች በመስኮቱ አጠገብ ያልፋሉ። አንዳንዱ ቆም ብሎ የቀራጩ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አባትየው ቆመው ያያል። እናቷ መጋረጃ ሊስቡ እጃቸውን ሰደዱ፤ አባቷ ኮቴያቸውን ሰምተው «ተይው፣ ብርሃን ትፈልጋለች» አሏቸው። እናቷ እጃቸውን መለሱ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ልጃቸው ስትሠራ ማየት ጀመሩ። ምናልባት አይተዋት አያውቁም ነበር፤ ለሃያ አንድ ዓመት ሲጠብቋት የኖሩት በር በሩን እያዩ ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የናሱን ብናኝ እፍ አለችው። ሰም አቀለጡ፤ ተጫነች። አባቷ ሰሙ እስኪበርድ ጠብቀው በአውራ ጣታቸው ሄዱበት። ከጫፍ እስከ ጫፍ፤ ከዚያ ዙሪያውን። ጉድለት ቢያገኙ ያን ዕለት እዚያው አስቀሯት ማለት ነው፤ ናሱ ሌላ ሞረድ አይችልም፤ አለ ቢሉም የሚከራከራቸው የለም።

«እንከን የለውም» አሉ።

ይዛው የተመለሰችውን የተበላሸ ቅጠል በእጃቸው ሰርዘው አዲስ ጠየቁ። እሷ ሰኞ ከፈረሟቸው ቅጠሎች አንዱን ስታቀብላቸው በጣታቸው ዳሰሱትና፣ ፊርማው ሲነካቸው ለሁለት ቀደው ጣሉት።

«ያልተፈረመበት አምጪ። ጣቴን ‹ባለፈቃድ› የሚለው ላይ አድርጊልኝ።»

አደረገችላቸው። ፈረሙና ብዕሩን ለእሷ ዘረጉላት።

«ቀራጭ በሚለው ላይ አንቺ ፈርሚ። እኔ ያልሠራሁትን ስፈርም ስድስት ዓመቴ ነው፤ ይበቃኛል።»

«አባባ፣ ይሄን ያዩ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሱቁስ?»

«ሱቁ ሰም ይሸጣል። ሰም ለማቅለጥ ዓይን አያስፈልግም፤ አፍንጫ ካለሽ ይበቃል። ሥራ ተፈታ ብዬ ልጅ አስሬ አላስቀምጥም። ያሰርኩሽ ለክብሬ መስሎኝ ነበር…» ቀሪውን ዋጡት። ቀጥለው ቆጣ አሉ፤ የለመዱት እሱን ነው። «ፈቅጃለሁ አላልኩም ታዲያ! በኋላ አባቴ ፈቅዶልኝ ነው እንዳትዪ!»

«አልልም፣ አባባ። ማኅተሙ የእኔ ነው።»

እጃቸውን ስማ ልብሷን የቋጠረችበትን ሻንጣ ከአልጋ ስር አወጣች። እናቷ በሩ አጠገብ ነበሩ። ቁልፉን አላዞሩም፤ «ሂጂ»ም አላሏትም። ዞር አሉላት ብቻ።

በዚህኛው ጉዞ ሮጠች። ያየም ይይ።

አሥር አለቃ ሰሙን አይቶ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ዓይኑ «ቀራጭ» የሚለው ላይ ወደቀ። አላፏጨም፣ አልተገረመም። የመውጫ ፈቃዷን ሰም ላይ እያስጫናት፣

«አባትሽ ውለው አድረው አመኑት?» አላት። «እኛ እኮ ስናውቅ አራት ዓመታችን ነው። የዳኛውን ማኅተም ሲያስረክቡ ጀርባውን በፊቱ አድርገው ሰጡን፤ ሰውየው እንዳያፍሩ ብለን ዝም አልን።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሦስቱ ሲደብቁ የኖሩትን ከተማው ሲደብቅላቸው ኖሯል።

ሠረገላው ፈረሶቹ ተጠምደው ቆሟል። ነጂው ፈቃዷን አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ እሷን አየ፤ «የማን ልጅ ነሽ?» የሚለውን ልማዱን ዋጥ አድርጎ «ተሳፈሪ» አላት። ሻንጣዋን ከእግሯ ስር አስገብታ ተቀመጠች።

ነጂው አለንጋውን ሲያነሳ «ቆይ! ቆይ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቷ ናቸው። የቤት ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ በአደባባዩ መሀል፣ ትንፋሻቸው ተቆርጦ። ሠረገላው ጎን ደርሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጭኗ ላይ ጣሉ። ስድስት ዘንግ ቀይ ሰም ነበር፤ ከአባቷ የሰም ማቅለጫ የወጣ፣ ገና ያልቀዘቀዘ።

«አባትሽ ናቸው። ለሞረድ ስጫት አሉኝ።» ስሙን ሲጠሩት ድምፃቸው ተሰበረና አስተካከሉት። «ስትጽፊ ደብዳቤውን በሰም እንድታሽጊው። ንባቡን እኔ አነብላቸዋለሁ። ማኅተሙን ግን እሳቸው ሳይነኩት ማንም እንዳይፈታው ብለዋል። ‹ጣቴ ያገኘው ዕለት ደህና ደረሰች እላለሁ› አሉ።»

ልጅቱ ሰሙን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አንገትሽን ሸፍኚ፤ ንፋስ ነው» አሉ እናቷ ቆጣ ብለው፣ «ለማያውቁትም ሰው አትሳቂ።»

ሠረገላው ተንቀሳቀሰ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ልጅቱ ዞራ አየች። መንገድ ዳር የሚቆም ዕቃ ነው ሲሉ የኖሩት እናቷ፣ ሰው እያለፈ እያገደመባቸው፣ መንገድ ዳር ቆመው ነበር።